ለሕክምና የተጣመሩ ዕፅዋት እና በቤት የተለወሱ ቅመሞች

ጥያቄ፦ የወንድሜ ባለቤት በጡት ካንሰር ታማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በየሳምንቱ ፓክሊታክሴል የሚባል መድኃኒት በደም ሥሯ ትወስዳለች። እናቴ ደግሞ ከመርካቶ የገዙትን ጥቁር አዝሙድ፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ አስፈጭተው፣ በማር ለውሰው ጠዋትና ማታ ያቀርቡላታል። ስጠይቃቸው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሉኛል። እኔም የተለያዩ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ሲጣመሩ የካንሰር ሕዋሳትን ይበልጥ እንደሚገድሉ አንብቤአለሁ። ልከልክላቸው ወይስ ልተዋቸው?
አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እናትዎ በመሠረተ ሐሳቡ አልተሳሳቱም። ፓክሊታክሴል ራሱ መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም የሚወጣው መገኛዋ ማዳጋስካር ከሆነ አበባማ ተክል ነው። ሐኪሞች ቪንክሪስቲንን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አጣምረው የሆጅኪን ሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር) ሕሙማንን ማዳን የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አንሥቶ ነው። ቪንክሪስቲን የአጥንት መቅኒን ብዙም ስለማይጎዳ፣ መቅኒን ከሚጎዱት መድኃኒቶች ጋር አብሮ ለመስጠት ተመችቷል።

ያነበቡት ዓይነት ጥናት ግን በአብዛኛው የሚካሄደው 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት፣ ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ነው። በየጉድጓዱ የካንሰር ሕዋሳት ይቀመጡና በአንዱ የእርዱ ኩርኩሚን፣ በሌላው የጥቁር አዝሙዱ ታይሞኪኖን፣ በሦስተኛው ሁለቱም በተለካ መጠን ይጨመራሉ። በመጨረሻ ሕያዋን ሕዋሳት ብቻ ወደ ሐምራዊ የሚለውጡት ቢጫ ቀለም ይገባል፤ ሐምራዊው በፈዘዘ ቁጥር የሞቱት በዝተዋል ማለት ነው። ከዚያ በሚሠራው ስሌት ውጤቱ ከ1 በታች ከሆነ ተጋግዘዋል፣ ከ1 በላይ ከሆነ ተደናቅፈዋል ይባላል። ያው ሁለት ንጥረ ነገር መጠኑ ሲለወጥ ከመጋገዝ ወደ መደናቀፍ ሊዞር ይችላልና፣ በሾርባ ማንኪያ የሚለካው የቤት ውሑድ የትኛው ወገን ላይ እንደሚውል የሚነግረን የለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቁንዶ በርበሬው ነው። ኩርኩሚን ተውጦ ወደ ደም የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ግን የቁንዶ በርበሬው ፒፐሪን 20 ሚሊ ግራም ብቻ ሲጨመር በሰዎች ደም የተገኘው መጠን ወደ 20 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሏል። ሻጮች ይህን በደስታ ያወሩታል። ፒፐሪን ይህን የሚያደርገው ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚያስወግድባቸውን መንገዶች በማዳከም ሲሆን፣ ከሚያዳክማቸው መካከል ፓክሊታክሴልን በጉበት ውስጥ ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች አንዱ ይገኝበታል። በቁመቷና በክብደቷ ተሰልቶ የተሰጣት መድኃኒት ታዲያ ከታሰበው በላይ በደሟ ሊቆይ፣ የጣት መደንዘዙና የነጭ የደም ሕዋሳት መቀነሱም ሊብስባት ይችላል።

ለእናትዎ አጣጥ የተባለውን ቁጥቋጦ ታሪክ ቢያጫውቷቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ። ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ተለይቶ ወጣ፤ ብቻውን በሕሙማን ላይ ሲሞከር ጉዳቱ በዛና ተተወ። የተሻሻለ ቅርጹ የአንዳንድ ጡት ካንሰር ሕዋሳትን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ማጣመሩ 40 ዓመት ያህል ፈጀ።

ስለዚህ ውሑዱን ለጊዜው ያቁሙላትና ከነዕቃው ይዘው ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ለሐኪሟ ወይም ለሆስፒታሉ ፋርማሲስት ያሳዩ፤ ምን ያህልና ከመቼ ጀምሮ እንደወሰደች ሳይደብቁ ይናገሩ። አልጫው ላይ የሚገባውን እርድ እናትዎ እንደ ወትሮው ይጨምሩበት።