«ሚስት ሳይሆን አለቃ ነው ያገባሁት አለኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የህትመት ቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ። ጠዋት 1:30 ከፍቼ ማታ 2 ሰዓት እዘጋለሁ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤቴ ስደርስ ልጄ ወይ ተኝታለች ወይ እያንቀላፋች ነው። እራት ላይ ሆኜ በቴሌግራም ፋይል ይመጣል። «ነገ በጠዋት ይድረስልኝ» ይላሉ። ካልመለስኩ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ያልደረሰ ሥራ አስባለሁ።

ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ለልጁ ሟች ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አኩርፏል። ባለፈው ልጄ የሣለችውን ሥዕል ስታሳየኝ «እዚያ አስቀምጪው፣ አየዋለሁ» አልኳት። እሱ ይሰማ ነበር። «እኔ ሚስት ሳይሆን አለቃ ነው ያገባሁት» አለኝ። የምለፋው ለማን ሆነና! አከራዬ ከሐምሌ ጀምሮ ኪራይ እጨምራለሁ ብሎኛል። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ለምን ላስጨንቀው? ከጎኔ የነበረችው ልብስ ሰፊ ወደ ለሚ ኩራ ከሄደች ወዲህ ቡና እንኳ የምጠጣው ብቻዬን ነው።

አንድ የልብ ጓደኛ ነበረችኝ። የእህቷን የሠርግ ካርድ በዱቤ ሠራሁላት። ዓመት ሊሆነው ነው። መጠየቅ አፈርኩ፤ ስልኳንም ማንሳት ተውኩ። እናቷ ሲያርፉ ልቅሶ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሱቁን ሽጬ ልገላገል ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሱቁን አሁን አትሽጪው። ወደፊት ይሸጥ አይሸጥ አላውቅልሽም። የማውቀው፣ የህትመት ቤት ባለቤት በሰኔ ትልቅ ውሳኔ መወሰን እንደሌለባት ነው። ተማሪው ጽሑፉን ይዞ ይሯሯጣል። መሥሪያ ቤቱ በጀት ሳይዘጋ የቀረኝን ላሳትም ይላል። ሰኔ 30 አለፈልኝ ስትዪ ሐምሌ ግብሩንና የፈቃድ እድሳቱን ይዞ ይመጣል። በዚህ ሰሞን የሚወስንልሽ ድካምሽ ነው። ለመስከረም አቆዪው። ያኔም ብቻሽን አትወስኚው።

«ሰዓትሽን አመጣጥኚ» የሚለውን ምክር ሰምተሽ የሰለቸሽ ይመስለኛል። እኔም አልደግመውም። ሱቅ ያለው ሰው ሰዓቱን እንደ ደሞዝተኛ ቆርጦ አይወጣም። ከሰዓት መብራት ከጠፋ ሥራው ማታ መካካስ አለበት፤ ደንበኛው ይህን አይሰማሽም። እና ከሰዓቱ ይልቅ ሌላ ነገር ላይ ላተኩር።

እ.ኤ.አ. በ1985 ጄፍሪ ግሪንሃውስና ኒኮላስ ቢዩቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ሥራና ቤተሰብ የሚጋጩባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍለው ጽፈው ነበር። አንዱ ጊዜ ነው፤ እዚህ ስትሆኚ እዚያ የለሽም። ሁለተኛው የሥራው ጫና ተከትሎሽ ቤት ሲገባ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ሥራ ላይ የሚያዋጣው ጠባይ ቤት ውስጥ ሰው ያስቀይማል። ሦስቱም አሉብሽ። ትዳርሽን እየጎዳ ያለው ግን ሦስተኛው ይመስለኛል።

«እዚያ አስቀምጪው፣ አየዋለሁ» ያልሽውን እንይ። ባንኮኒው ጋ ወረፋ ተይዞ፣ አንዱ ፍላሽ፣ ሌላው ለጥረዛ የመጣ ወረቀት ሲዘረጋልሽ የምትዪው ይህንኑ ነው። እዚያ ጎበዝ ያሰኝሻል። ማንንም ሳታስቀይሚ ሁሉንም ታስተናግጃለሽ። ልጅሽ ግን ሥዕሏን ያመጣችው ተራ ልትይዝ አይደለም። ባለቤትሽም የሰማው ይህንኑ ነው። ማምሸትሽን የለመደው ይመስለኛል። የከበደው፣ መጥተሽም ባንኮኒው ጀርባ መቆምሽ ነው። «ይህን አደረግክ? ለምን አልደወልክም? ነገ እንዳትረሳ» የሚሉ ንግግሮች ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚወጡሽ ለጥቂት ቀን ራስሽን አዳምጪ። ለተቀጣሪ የሚባሉ ናቸው። ለባል ሲሆኑ ያኮርፋል።

ይህ ክፋት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስታዢ የዋለ አፍ ማታ በአንዴ አይለወጥም። መሸጋገሪያ ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ ያለውን የታክሲ መንገድ በስልክ ትጨርሺዋለሽ ብዬ ልገምት። እሱን መንገድ ለራስሽ አድርጊው። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተችው። ቤት ስትገቢ ለመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ምንም አትጠይቂ፣ ምንም አታዢ። ልጅሽ ነቅታ ከሆነ አጠገቧ ተቀመጪ። ሥዕል ካመጣች ያኔውኑ እይላት። ከተኛች ደግሞ ጠዋት ሱቅ ሳትሄጂ እይላት፤ ልጅ ይህን አይረሳም።

አሁን ወደ ኪራዩ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ባልሽን ላለማስጨነቅ ደበቅሽው። እሱ ግን ፊትሽን እያየ ነው። እራት ላይ ዝም ማለትሽን፣ ሌሊት መንቃትሽን ያያል፤ ምክንያቱን አያውቅም። ምክንያት ያልተነገረው ሰው የራሱን ምክንያት ይሠራል፣ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የከፋውን ነው። «ንቃኛለች» ወይም «አያስፈልጋትም» ብሎ ደምድሞ ሊሆን ይችላል። የገቢያችሁን ልዩነት አልጻፍሽልኝም፣ እኔም አልገምትም። ነገር ግን ሚስቱ ከእሱ የተሻለ የምታገኝ ባል ከምክክር ሲወጣ ነገሩ እጥፍ ያመዋል። የአገራችን ወንድ ይህን አውጥቶ አይናገርም። ያኮርፋል።

ልብስ ሰፊዋንም አልዘነጋሁም። በአንድ መስመር ነው ያለፍሻት። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ብዙ ሰው ተነሥቷል። የሚወራው ስለ መንገዱና ስለ ሕንፃው ነው። ጎረቤት ለጎረቤት የነበረው ወሬ የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። የወረቀት ዋጋ፣ የአከራይ ነገር፣ የደንበኛ ጭቅጭቅ፣ ይህን ሁሉ ለእሷ ቡና ላይ ተንፍሰሽ ቀለል ብሎሽ ቤት ትገቢ ነበር። አሁን የሚሰማሽ የለም። ሁሉንም ይዘሽው ትገቢያለሽ። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ደውይላት።

ለባለቤትሽ ግን ንገሪው። ማታ ሁለታችሁም ደክማችሁ አይሁን። እሑድ ቡና ላይ፣ ልጅቷ ውጭ ስትጫወት። «እንድትጨነቅልኝ አይደለም፣ ገንዘብ እንድታመጣም አይደለም፣ እንድታውቅልኝ ነው» ብለሽ ጀምሪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወረቀቱና ቶነሩ ምን እንዳደረጉሽ በደብተርሽ አሳይው። ለአንቺ የየቀን ኑሮ ነው፤ ለእሱ አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል። «ድሮም ብዬሽ ነበር» ሊልሽ ይችላል። ይበልሽ። እሱን ዋጥ አድርጊና «አሁን ምን ይሻላል?» ብለሽ ጠይቂው። ከልብሽ ጠይቂው ታዲያ፤ መልሱን አስቀድመሽ ይዘሽ አይሁን። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ መኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይመለከትም። ስለዚህ ከአከራይሽ ጋር የቀረሽ ነገር ውልሽን ማየትና መደራደር ነው። ድርድር ላይ አብሮሽ ይሂድ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ውል ሲያነብ አንቺ ያላየሽው ነገር ሊያይ ይችላል።

ሌሊት 9 ሰዓቱን በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር ያወጡት ጥናት አለ። ሰው ያልጨረሰው ሥራ ሐሳቡን ይረብሸዋል፤ መቼና እንዴት እንደሚሠራው ለይቶ ካቀደ ግን፣ ሥራው ሳይሠራም፣ ረብሻው ይቀንሳል። አንቺም ሱቁን ከመዝጋትሽ በፊት የነገውን በወረቀት ጻፊ፦ የማን ሥራ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን፣ ማን ይሠራዋል። ወረቀቱ እዚያው ይደር። ቴሌግራምሽ ላይም «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የተላከ ፋይል ጠዋት 1:30 ይታያል» ብለሽ ጻፊ። የተወሰነ ደንበኛ ይሄድብሻል፣ አልዋሽሽም። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ቁልፉን ለአንደኛው ልጅ ትተሽ 11 ሰዓት ላይ ውጪ። ገንዘቡ ካሳሰበሽ፣ በቴሌብር የገባው የትም አይሄድም፤ ሂሳቡን ጠዋት አብራችሁ ታዩታላችሁ። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ምግብም ከዘጋሽ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጓደኛሽ ጋ ስንመጣ፣ ያጣላችሁ ብሩ ነው ብለሽ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። አንቺ ዱቤ ትዪዋለሽ እንጂ፣ ያኔ ካርዱን ስትሠሪላት ስጦታ ይሁን ዱቤ በግልጽ የተባባላችሁ አይመስለኝም። አንቺ «ትከፍለኛለች» ብለሽ ጠበቅሽ፤ እሷ «ጓደኛዬ ናት» ብላ ተወችው ይሆናል፣ ወይም እንዳንቺው አፍራ ይሆናል። ሥራ ያለው ሰው ለወዳጅ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት መናገር አለበት። ስጦታ ከሆነ «ይህ ከእኔ ነው» በይ። ዱቤ ከሆነ ቀን ቁረጪ። ለዘመድም እንዲሁ። ይሉኝታ ሱቅ ይዘጋል፣ ወዳጅም ያሳጣል።

ለሷ አሁን ደውይላት አልልሽም፤ ሂጂላት። እናት ያጣች ሰው ቤት ሰው የሚጎድለው ልቅሶው ካለቀ በኋላ ነው። እንጀራም ቡናም ይዘሽ ሂጂ። በሦስተኛው ቀን የመጣሽው ስለ ሥራ ብቻ እንዳልነበረ፣ በካርዱ ምክንያት አፍረሽ እንደራቅሻት ንገሪያት። ስንት እንደሆነ ግን ያን ቀን አትንገሪያት። ሂሳቡን በኋላ ራሷ ካነሳች ትነጋገራላችሁ። ካላነሳች ከዱቤ ደብተርሽ ላይ ሰርዢው፤ ከሰረዝሽ ደግሞ ለባልሽም ቢሆን መልሰሽ አታንሺው።