ለውሻ ማዘን ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። አባታችን ከማረፋቸው በፊት ያሳደጉት መከታ የሚባል ውሻ አለን። አሁን አርጅቷል። ዓይኑ አያይም፣ የኋላ እግሮቹ አይሸከሙትም፣ ጎኑም ቆስሏል። እናታችን አጠገቡ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ጎረቤቶች «ለውሻ ማልቀስ ኃጢአት ነው» ይሏቸዋል። ወንድሜ ደግሞ «ርኩስ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ከሞተ መልአክ ይርቀናል። በባጃጅ ወስጄ ጫካ ልጣለው» እያለ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በመርፌ ማሳረፍ እንደሚቻል ነግሮናል። ምን እናድርግ? ሲሞትስ ጸሎት ይደረግለታል?

መልስ፦ ልጄ ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከቤታችሁ አይለይ። ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ፣ የምግብ ዕቃ ቢነካ ምን እንደሚደረግ ታውቁታላችሁ። እሱን አልደግመውም። እኔን ያሳሰበኝ የወንድምሽ ቃል ነው። ይህን ቃል በሞጣም፣ በቢቸናም፣ በደብረ ማርቆስም ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጾም የማያጓድሉ፣ ቅዳሴ የማይቀሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይግባ የሚለው ሥርዓት የተሠራው የመቅደሱን ክብር ለመጠበቅ ነው። በውሻው ላይ ጨክኑ የሚል ትእዛዝ በውስጡ የለም። በሬም እኮ ቤተ መቅደስ አይገባም። ነገር ግን አርሶ ያበላንን በሬ «መቅደስ አይገባምና ጅብ ይብላው» የሚል ገበሬ ጎጃም ውስጥ አላየሁም። ውሻው ላይ ሲደርስ ነው ሃይማኖት የምናስታውሰው።

ከመጽሐፍም የሚጠቅሱ አሉ። «ዮሐንስ በራእዩ ውሾች በውጭ አሉ ብሏል» ይላሉ። ራእይ 22፥15ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከውሾች ጋር የተዘረዘሩት አስማተኞች፣ ሴሰኞች፣ ነፍሰ ገዳዮች፣ ጣዖት አምላኪዎች፣ ውሸትን የሚወዱና የሚያደርጉ ናቸው። ሁሉም ሰዎች ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስም «ከውሾች ተጠበቁ» ሲል ወዲያው «ከክፉዎችም ሠራተኞች ተጠበቁ» ይላል። በደጅ ተኝቶ ቤት የሚጠብቀውን እንስሳ አላሰበውም። እኛ ግን ለክፉ ሰው የተነገረውን ተግሣጽ ወስደን ምንም በማያውቅ ፍጥረት ላይ እንጭነዋለን። ራሳችን ግን እናመልጣለን።

«መልአክ ይርቃል» ለሚለው መልሱ መጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦብያ መንገድ ሲወጣ አብሮት የሄደው መልአክ ማን ነበር? ቅዱስ ሩፋኤል ነው። ጳጉሜን 3 ቀን ዝናቡን ጠበል ብለን ልጆቻችንን የምናስነክርበት፣ ስሙን የምንጠራው ያ ሩፋኤል። እንግዲህ የልጁ ውሻም በዚያ መንገድ አብሯቸው ነበር። ሲመለሱም ተከትሏቸዋል። መልአኩ «ይህ ርኩስ ከኋላዬ አይምጣ» አላለም። ከእግዚአብሔር ዙፋን ፊት የሚቆመው ሊቀ መላእክት በአንድ ጎዳና ከውሻ ጋር ከሄደ፣ እናንተ ግቢ ውስጥ የተኛ በሽተኛ ውሻ መላእክትን እንዴት ያባርራል? መልአክን የሚያርቅ የእኛ ጭካኔ ነው።

አልዓዛርንም አስቡት። በባለጠጋው ደጅ ቆስሎ ሲወድቅ ባለጠጋው ቀና ብሎ አላየውም። «ውሾች እንኳ መጥተው ቁስሎቹን ይልሱ ነበር» ይላል ወንጌሉ፤ ሉቃስ 16፥21። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀረብ ያሉት ውሾቹ መሆናቸው ነው። አሁን ደግሞ የቆሰለው ውሻው ነው፤ ደጁ ላይ ያለነው እኛ ነን።

ይህን የምለው ውሻ ወዳድ ሆኜ ስላደግሁ አይደለም። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። አኩፋዳ አንግበን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ ስንዞር ቀድሞ የሚቀበለን ውሻ ነበር። በትር ይዘን የምንዞረው ለእርሱ ነው። ግን እርሱ የጌታውን ደጅ ጠበቀ እንጂ ምን በደለ? «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባላል። መከታም ዕድሜውን ሙሉ በበላበት ጮኸ። ሌሊት ጅብ ከበጎቹ ሲከለክል፣ በመኸር አውድማው ላይ ሲያድር ማንም ርኩስ አላለውም። እግሩ ሲደክም ርኩስ መሆኑን አስታወስን።

ጫካ የተጣለ ዕውር ውሻ ምን እንደሚገጥመው ወንድምሽ አያጣውም። በሕይወቱ ጅብ ይበላዋል። ያን ማድረግ ኃጢአት ነው፣ ልጄ። በለዘብታ ልናገረው አልችልም። «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል፤ የኃጥኣን ምሕረት ግን ጨካኝ ነው» ይላል ምሳሌ 12፥10። «አልገደልሁትም፣ ጣልሁት እንጂ» የሚለው ምክንያት በእግዚአብሔር ፊት አይቆምም።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ለእርሳቸው እንዲህ በዪልኝ፦ እንባዎ ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን ታሪክ ያስታውሱ። አንድ ድሃ አንዲት ጠቦት ነበረችው፤ «እንጀራውንም ትበላ ዋንጫውንም ትጠጣ በብብቱም ትተኛ ነበር፥ እንደ ልጁም ነበረች» ይላል። ናታን ያን ድሃ «እንስሳን እንዴት እንዲህ ትወዳለህ» ብሎ አልነቀፈውም። ዳዊት የተቆጣበትም የፈረደበትም ጠቦቷን የቀማው ነው። ደግሞም እናትሽ የሚያለቅሱት ለውሻው ብቻ አይመስለኝም። መከታ ሟች ባለቤታቸው ያሳደጉት፣ ከእርሳቸው የቀረ ነው። እርሱ ሲሄድ የድሮው ኀዘን ይቀሰቀሳል። ጎረቤቶቻችሁ ይህን አላዩም። እናንተ ልጆች ግን እዩት፤ በእነዚህ ቀናት ብቻቸውን አትተዉአቸው።

ኀዘኑ ግን ልክ አለው። እንስሳ የሰው ዓይነት ነፍስ የለውም። ሕይወቱ በደሙ ነው፤ ከሥጋው ጋር ያልፋል። የሰው ነፍስ ግን ነባቢት፣ ልባዊት፣ ሕያዊት ናት፤ ትናገራለች፣ ታስባለች፣ ለዘላለም ትኖራለች። ስለዚህ ፍትሐት አይደረግለትም፣ ተዝካር አይወጣለትም፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽርም አይቀበርም። ይህ ንቀት አይደለም። ፍትሐት የምንጸልየው ኃጢአት ሠርቶ ይቅርታ ለሚፈልግ ሰው ነው። መከታ ምን ሠርቶ ይቅር ይባል? ለእርሱ ጸልዩ አልላችሁም፤ ስለ ሰጣችሁ አገልግሎት ፈጣሪን አመስግኑ እላችኋለሁ። ከዚያ ያለፈውን ምስጢር ፍጥረቱን ለሚያውቅ አምላክ ተዉት። ጌታችን ከድንቢጦች አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ አልተረሳችም ብሏል።

ስለ መርፌው የጠየቅሽኝን ልመልስ። ለሰው ቢሆን ፈጽሞ አይገባም እል ነበር፤ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯልና ሕይወቱን የሚወስድ የሰጠው ብቻ ነው። እንስሳ ግን በእጃችን የተሰጠን አደራ ነው። ሐኪሙ አይቶት «ከዚህ በኋላ የሚድንበት መንገድ የለም፣ ሥቃዩም አይቀንስም» ካለ፣ በመርፌ ማሳረፉ ነፍስ እንደ መግደል አይቆጠርባችሁም። እኔ የማየው ምክንያታችሁን ነው። ለእርሱ ሥቃይ ነው ወይስ ለእኛ ዕረፍት? አሁንም እጅ እየላሰ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ድምፃችሁን ሲሰማ ጭራውን እያወዛወዘ ከሆነ፣ አትቸኩሉ። ቁስሉን በለብ ያለ የጨው ውሃ እጠቡለት፤ ዝንብ እንዳያርፍበት ሸፍኑት። ደረቅ ገለባ ጎዝጉዙለት፤ አንድ ጎን ብቻ ተኝቶ እንዳይቆስል አገላብጡት። እንጀራውን በውሃ አርሳችሁ በእጃችሁ ስጡት።

መርዝ ግን በጭራሽ! የአይጥ መድኃኒት በሥጋ አድርጎ መስጠት በየመንደሩ የተለመደ ነው። እያሠቃየ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት የሚፈጅ ሞት ነው። ያንን ሥጋ የበላ አሞራም ጥንብ አንሣም አብሮ ሊያልቅ ይችላል።

አንድ ነገር ለይቼ ልንገርሽ። ድንገት ጠባዩ ተለውጦ ሰው የሚናከስ፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ ውሻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሰው ይቀድማል። የተነከሰ ሰው ጠበል ቢጠመቅም ቁስሉን በሳሙናና በውሃ በደንብ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ናቸው።

ሲያርፍ ከግቢያችሁ ጥግ ወይም ከማሳው ዳር ቅበሩት። ጉድጓዱ ይጠልቅ፤ ላዩን ድንጋይ ደርድሩበት፣ አለበለዚያ ጅብ በዚያው ሌሊት ያወጣዋል። ድንኳን አትጣሉ፣ ሰው አትጥሩ። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ወንድምሽ ቢሆን እወዳለሁ። ይህን መልስ ለብቻው ስጪው፤ እናትሽ ፊት አታንብቢበት፣ እንዳያፍር። እምቢ ካለም አትጣሉ፤ ወደ ንስሐ አባታችሁ ውሰጂው፣ ወይም ወደ እኔ ይምጣና እንነጋገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።