ሁለቱም አይፒ ትክክል ናቸው፤ ካሜራህን የከለከለህ ሦስተኛው ነው

ወንድሜ፣ የቤትህን ካሜራ ከውጭ ሆነህ ማየት አቅቶህ ጠይቀሃል፤ ኮምፒውተርህ አይፒህ (የኔትወርክ አድራሻህ) 192.168.1.7 ነው ሲልህ አይፒ የሚያሳየው ድረ ገጽ ሌላ ቁጥር አሳየህ፤ ጓደኛህ ቤትም ያው 192.168.1.7 መኖሩ ይበልጥ ግራ አጋባህ። የቤት ኔትወርክ ስዘረጋና ስጠግን ዓመታት ስለቆየሁ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ካሜራህን ከውጭ እንዳታይ የከለከለህ ግን ያላየኸው ሦስተኛ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም።

192.168.1.7 ፕራይቬት፣ ማለትም የቤት ውስጥ፣ አይፒ ነው። በ192.168 እና በ10 የሚጀምሩት፣ እንዲሁም ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት ማንም ሳያስፈቅድ ቤቱ ውስጥ እንዲጠቀምባቸው የተተዉ ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ አይተላለፉም። ስለዚህ አንተና ጓደኛህ አንድ ቁጥር ብትይዙም አትጋጩም። አዳዩ ራውተርህ ውስጥ ያለው ዲኤችሲፒ የተባለ አድራሻ ሰጪ አገልግሎት ነው፤ የሚሰጠውም ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ነገ ያው ቁጥር ስልክህ ላይ ሊገኝ ይችላል። (በ169.254 የሚጀምር ካየህ ግን መሣሪያው ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ መጀመሪያ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን ፈትሽ።)

ድረ ገጹ ያየው ፐብሊክ አይፒህን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የምትታይበትን አድራሻ፣ ነው። ከቤትህ የሚወጣ ጥያቄ ራውተሩ ጋ ሲደርስ 192.168.1.7 ተነሥቶ የውጭው አድራሻ ይተካበታል። ራውተሩ ከየትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ፖርት (የግንኙነቱ በር ቁጥር) እንደወጣ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ኤንኤቲ የሚባለው ይኸው ነው። ካሜራህን ከውጭ ስትጠራው ግን ቀድሞ ከውስጥ የወጣ ጥያቄ ስለሌለ መዝገቡ ላይ የሚገጥመው መስመር አይገኝም፤ ራውተሩም ይጥለዋል። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ያንን መስመር በእጅህ መጻፍ ነው።

እሱንም ሞክሬ እምቢ አለኝ ብለሃል። እንግዲያው ራውተርህ ሴቲንግ ውስጥ ግባና "ዋን" (WAN፣ የራውተሩ የውጭ በኩል) በሚለው ሥር ያለውን አይፒ ድረ ገጹ ካሳየህ ጋር አስተያየው። አንድ ከሆኑ ስህተቱ ሴቲንግህ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ምናልባት የካሜራው አይፒ ተቀይሯል፣ ዲኤችሲፒው ላይ ቋሚ አድርገው። ከተለያዩ ያላየኸው ሦስተኛ ቁጥር ይኸው የዋኑ ነው፤ በተለይ የዋኑ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ የኢንተርኔት አቅራቢህ ከላይ ሌላ ኤንኤቲ አለው፤ አንዱን ፐብሊክ አይፒ ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋራለህ ማለት ነው። ያንተ ራውተር ላይ የፈለግኸውን ብትከፍት የላይኛው አይከፈትልህም። አቅራቢዎቹም ቸግሯቸው ነው፦ አይፒቪ4 (እስካሁን ያነሣናቸው አድራሻዎች ዓይነት) በ32 ቢት የተሠራ ስለሆነ ጠቅላላው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ያህል ነው፤ ዋናው ክምችትም እ.ኤ.አ. በ2011 አልቋል።

እንዲህ ከሆነ ለራስህ ብቻ የሚሆን ፐብሊክ አይፒ እንዲሰጥህ አቅራቢህን ጠይቅ። እኔ የምመርጠው ግን ፐብሊክ አይፒ ባለው ሰርቨር (ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር) በኩል ቪፒኤን፣ ማለትም የተመሰጠረ የግል መስመር፣ መዘርጋት ነው፤ ግንኙነቱን የሚጀምረው ከቤትህ ውስጥ ያለው መሣሪያ ስለሆነ ሁለቱም ኤንኤቲ ያሳልፉታል። የካሜራን ፖርት በቀጥታ ለዓለም መክፈት ፈጽሞ አልመክርም፤ የተከፈተ ፖርት ሲፈልጉ የሚውሉ ፕሮግራሞች ቶሎ ያገኙታል።

የዋኑን ቁጥር የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች ብቻ እዚህ ጻፍልን፣ ሙሉውን አትለጥፍ፤ ከዚያ የሚቀረውን አብረን እናያለን።