ከአይፎን 13 ወደ አይፎን 14 ለመሻገር 32 ሺህ ብር ልጨምር?

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ልብሱን መጀመሪያ የሚያዩት በቴሌግራም ቻናሌ ላይ በምለጥፈው ፎቶ ነው። የምሠራበት ስልክ ባለ 128 ጊጋባይት አይፎን 13 ሲሆን ከገዛሁት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን አሁን ከሰዓት በኋላ ቻርጀር ፍለጋ መሯሯጥ ሆኗል ሥራዬ፤ “ስቶሬጅ ሞልቷል” የሚለው ማሳሰቢያም በየቀኑ ይመጣብኛል፤ ማታ የማነሳው ፎቶ ደግሞ የጥለቱን ቀለም በትክክል አያወጣልኝም። ሰሞኑን ዕቁብ ደርሶኛል። ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ የስልክ ነጋዴ የእኔን ተቀብሎ፣ ከአሜሪካ የመጣ ትንሽ ያገለገለ አይፎን 14፣ እሱም ባለ 128 ጊጋባይት፣ በ32 ሺህ ብር ጭማሪ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። “ከገዛሽበት በላይ ነው የምቀበልሽ፣ አትርፈሻል” ይለኛል። ልለውጥ ወይስ ይቅርብኝ?
ልብስ ነጋዴ፣ ከቸርችል ጎዳና

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በዚህ ዋጋ ባይለውጡ እመክራለሁ። ዕቁብ ከዕለት ገቢ እየተቆነጠረ የተጠራቀመ ገንዘብ ነውና ምክሬን ከነምክንያቱ ማቅረብ ይገባኛል። የዘረዘሯቸው ሦስት ችግሮች እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም በእነዚህ ሁለት ስልኮች መካከል ባለው ልዩነት የሚፈቱ አይደሉም።

ልዩነቱ ጥቂት ነው። አይፎን 13 እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021፣ አይፎን 14 ደግሞ ልክ በዓመቱ ወጡ። ሁለቱም የሚሠሩት ኤ15 በተባለው ፕሮሰሰር ነው፤ የስክሪናቸው ስፋት 6.1 ኢንች፣ የቻርጀር መሰኪያቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ 5ጂም ሁለቱም ላይ አለ። በ14ው ላይ ራሙ (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ከ4 ወደ 6 ጊጋባይት አድጓል፤ የፊት ካሜራው በራሱ የሚያተኩር ሆኗል። በሳተላይት የአስቸኳይ ጊዜ መልእክት የሚልከው፣ ሲወጣ ብዙ የተወራለት አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም።

ከሁሉ በፊት ባትሪውን እንይ፤ ዕለት ተዕለት የሚያስቸግርዎት እሱ ነውና። የእነዚህ ስልኮች ባትሪ ከ500 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ መሆኑን አምራቹ አፕል ራሱ ይገልጻል። በቀን አንድ ዙር የሚጨርስ ሰው 500ውን በ17 ወር ገደማ ይሞላዋል፤ የእርስዎ ስልክ ደግሞ ሦስት ዓመት ሊደፍን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ባትሪ የሚለውን፣ ከዚያም ባትሪ ሄልዝ የሚለውን ቢከፍቱ ቁጥሩን ያገኙታል። ከ80 በታች ከሆነ ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ሲል ፍጥነቱን ሊቀንስ ስለሚችል፣ “ስልኬ አረጀ” የሚያሰኘው መንቀርፈፍም ከዚያው የመጣ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሆነው ሲወጡ አይፎን 13 ቪዲዮ በማጫወት እስከ 19 ሰዓት፣ አይፎን 14 እስከ 20 ሰዓት ይቆያሉ ተብሎ ነበር። የአንድ ሰዓት ልዩነት ማለት ነው። ሊሰጥዎት የታሰበው ስልክ ግን ያገለገለ በመሆኑ፣ ባትሪው ወደ 86 በመቶ ወርዶ ከሆነ 20ው ሰዓት 17 ይሆናል፤ አዲስ ባትሪ የገባለት የእርስዎ አይፎን 13 ይበልጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ባትሪ የሚያስገባና ዋስትና በጽሑፍ የሚሰጥ ባለሙያ ይፈልጉ። ኦሪጅናል ያልሆነ ባትሪ ሲገባ ስልኩ “ያልታወቀ ዕቃ” የሚል መልእክት ሊያሳይ ስለሚችል ሲሸጡት ዋጋው በመጠኑ ዝቅ ይላል፤ ስልኩ አንዴ ከተከፈተ በኋላም ውኃ መቋቋሙን አይመኑት።

የስቶሬጁ ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከ128 ወደ 128 ከተሻገሩ፣ ዕቃዎ ሁሉ ወደ አዲሱ ስልክ ሲገለበጥ ማሳሰቢያውም አብሮ ይገለበጣል። እንደ እርስዎ ቻናል በሚያስተዳድር ሰው ስልክ ላይ ቦታውን የሚበላው ብዙውን ጊዜ ቴሌግራም ነው፤ በየግሩፑ የተከፈተ ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ስልኩ ላይ ይቀመጣል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ የዳታና ስቶሬጅ ክፍልን ከፍተው ካሹን፣ ማለትም ስልኩ ላይ ለጊዜው የተቀመጠውን ቅጂ፣ ቢያጠፉት፣ የለጠፏቸው ፎቶዎች ከቻናልዎ አይጠፉም፤ የተቀመጡት በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሆነ ሲፈልጓቸው ተመልሰው ይወርዳሉ። ከሳምንት በላይ የቆየውን በራሱ እንዲያጠፋ ማዘዝም ይቻላል። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ፎቶውን በተመለከተ በግምት ላለመመለስ ብዬ ከአንድ ባልደረባዬ አይፎን 14 ተዋስኩና፣ ነጭ ሸማ ላይ የተሠራ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ዘርግቼ በሁለቱም ስልኮች አነሳሁ። ጠዋት በር አጠገብ ያነሳኋቸውን ሁለት ፎቶዎች የትኛው የየትኛው ስልክ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ግን ፎቶውን ሳጎላው የ14ቱ የክሩን አካሄድ በመጠኑ ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 1.6 ወደ ኤፍ 1.5 ሰፍቶ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ሴንሰሩም ትንሽ አድጎ የበለጠ ብርሃን ስለሚቀበል ነው። ቀለሙ ግን በሁለቱም ተበላሽቷል፤ ሸማው ቅቤ የተቀባ መስሎ አረንጓዴው ወደ ቡናማ አዘንብሏል። ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ጥሩ ኤልኢዲ ሰቅለው ቢጫውን ሲያጠፉ ለውጡን ወዲያው ያዩታል። ሌላም ነገር አለ፦ ነጭ ልብስ ካሜራን ያሳስተዋል። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው ስልኩ ብርሃን የበዛበት መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ጥለቱን በጣትዎ ነክተው፣ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት በጥቂቱ ወደ ላይ ይግፏት። ይህችን ትንሽ ነገር ደንበኛዎ ከካሜራው ልዩነት ይልቅ እንደሚያስተውላት እርግጠኛ ነኝ።

“አትርፈሻል” ለሚለው፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም በእጅጉ መውረዱን እርስዎም በክር ዋጋ ያዩት ነገር ነው። የእርስዎ ስልክ በብር ሲወደድ የሚገዙትም አብሮ ተወድዷል። ከእጅዎ የሚወጣው 32 ሺህ ብር ብቻ ነው መታየት ያለበት፤ ሌላው ወሬ ነው።

ነጋዴው ያልነገረዎት አንድ ነገር ደግሞ አለ። በአሜሪካ ገበያ የተሸጠው አይፎን 14 የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ የሚሠራው በኢ-ሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተሠራና በእጅ በማይወጣ ሲም፣ ብቻ ነው። ስልክዎ ሲዘጋ ሲሙን አውጥተው ረዳትዎ ስልክ ውስጥ ከትተው የቴሌብር ክፍያ መቀበል የለመዱ ከሆነ፣ ያ ይቀራል። ከዚያ የመጣ ስልክ ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ሊሆንም ይችላልና፣ ማንም እንዲህ ያለ ስልክ ሲገዛ ሴቲንግ ውስጥ አባውት የሚለውን ከፍቶ “ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ” የሚል መኖሩን ሳያይ ገንዘብ መክፈል የለበትም።

ያለዎት ስልክ ጊዜው አላለፈበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአይፎን ሥርዓተ ክወና፣ አይኦኤስ 26፣ ከአይፎን 11 ጀምሮ ባሉት ሁሉ ላይ ይጫናል። ባትሪውን ቀይረው፣ ቴሌግራሙን አጽድተው፣ አምፖሉን ሰቅለው ሁለት ወር ያህል ይሥሩበት። ያኔም ፎቶው ካላረካዎት 14ን ዘለው አይፎን 15ን ይመልከቱ፤ ዋናው ካሜራ ከ12 ወደ 48 ሜጋፒክሰል ያደገው፣ የቻርጀሩ መሰኪያም ታይፕ ሲ የሆነው በእሱ ነው። ሲገዙ ግን ባለ 256 ጊጋባይቱን ይጠይቁ።