በባሕር ዳር ለቅይጥ አገልግሎት የሚውል የንግድ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ፦ ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በከተማችን ቦታ ለመጫረት ወይም የቤተሰብ ይዞታቸውን ለማልማት ካሰቡ ሰዎች የቀረቡልኝ ናቸው። ላለፉት በርካታ ዓመታት የጨረታ ሰነድ ሳነብና ግንባታ ስከታተል ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። አብዛኛው ተጫራች በካሬ ሜትር ስለሚሰጠው ዋጋ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላ ያድራል፤ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠረው ጊዜ ግን የሚያስበው ዘግይቶ ነው። መልሶቼ በዋናነት በከተማ ቦታ የሊዝ ይዞታ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ የክልሉን ደንብና መመሪያ እንዲሁም ከአዋጁ በኋላ የወጡ ማሻሻያዎችን ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ምድር ላይ ሱቅ፣ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ፣ ከዚያ በላይ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ መሥራት እፈልጋለሁ። የሊዝ ዘመኔ የሚታሰበው በንግድ ነው ወይስ በመኖሪያ?

መልስ፦ በአዋጁ መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ ቦታ በየትኛውም ከተማ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ለንግድ የሚሰጥ ቦታ ደግሞ በአዲስ አበባ 60 ዓመት ሲሆን፣ ባሕር ዳርን ጨምሮ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት ነው። ሕንፃዎ ግማሽ በግማሽ መኖሪያ ቢሆንም ዘመኑ በፎቅ እየተከፈለ አይቆጠርም፤ የሚወስነው በጨረታ ሰነዱ ላይ የተገለጸውና በሊዝ ውሉ ላይ የሚሰፍረው የአገልግሎት ዓይነት ነው። ስለዚህ «ንግድ» ተብሎ የወጣን ቦታ አሸንፈው ከላይ መኖሪያ ለመጨመር፣ ወይም «መኖሪያ» ተብሎ በተሰጠ ቦታ ላይ ከታች ሱቅ ለመክፈት ሲያስቡ፣ በቅድሚያ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ቅይጥ አገልግሎትን መፍቀዱን ያረጋግጡ። አገልግሎት መለወጥ የሚቻለው ለውጡ ከከተማው ፕላን ጋር የሚጣጣም ሲሆንና ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ነው። የፕላን ስምምነት ሲጠይቁም የወለል ብዛትን፣ ከወሰን መራቅ ያለበትን ርቀትና የተሽከርካሪ ማቆሚያን አብረው ይጠይቁ፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ንድፍ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ አራት ወንድምና እህቶች ነን። ዕድላችንን ለማስፋት ለአንድ ቦታ አራት ሰነድ ብናስገባስ?

መልስ፦ አንድ ተጫራች ለአንድ ቦታ ማቅረብ የሚችለው አንድ ሰነድ ብቻ ነው። አራታችሁ በየስማችሁ ብትገቡ ደግሞ የምትወዳደሩት እርስ በርሳችሁ ሆኖ ዋጋውን በራሳችሁ ላይ ታንሩታላችሁ፤ አንዳችሁ ሌላውን ለማሳለፍ ተስማምታችሁ ከሆነም ነገሩ ወደ ጨረታ ማጭበርበር ይሄዳል። ገንዘባችሁን አሰባስባችሁ በማኅበር አንድ ሰነድ አስገቡ። የጨረታ ማስከበሪያው ከቦታው የሊዝ ዋጋ ከ5 በመቶ ያላነሰ መሆኑን፣ አሸናፊ የሚለየውም በሰጠው ዋጋና ለመክፈል ባቀረበው የቅድሚያ ክፍያ መጠን መሆኑን አስቡበት። የቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ማነስ አይችልም፤ ክልሎች ከዚያ በላይ ሊወስኑ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ቅድሚያ ከፍዬ ቀሪውን በረዥም ዓመት ብከፍል አይሻለኝም? ገንዘቡን ለግንባታው ላውለው እችላለሁ።

መልስ፦ ይህን በቁጥር ካላዩት አይገለጥልዎትም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ 800 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 20,000 ብር አሸነፉ እንበል፤ ጠቅላላው 16 ሚሊዮን ብር ይሆናል። 20 በመቶ ማለትም 3.2 ሚሊዮን ብር ቢከፍሉ 12.8 ሚሊዮን ይቀራል። የመክፈያ ጊዜው 30 ዓመት ከሆነ የዓመቱ ዋና ክፍያ 426,667 ብር ገደማ ነው፤ ይህን ያየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን ቀሪው ገንዘብ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የማበደሪያ ወለድ ልክ ወለድ ይታሰብበታል። ወለዱን 15 በመቶ ብናደርገው የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 1.92 ሚሊዮን ብር፣ ማለትም ከዋናው ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ ድምሩም 2.35 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ቅድሚያውን ወደ 40 በመቶ ከፍ ቢያደርጉ ቀሪው 9.6 ሚሊዮን፣ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያም ዋናና ወለዱ ተደምሮ 1.76 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የችሮታ ጊዜው (ከቅድሚያው በኋላ ክፍያ የማይጠየቁበት ጊዜ) ሲያበቃ ሕንፃዎ ገና ኪራይ ያላስገባ ከሆነ ይህን ገንዘብ ከየት እንደሚያመጡት ዛሬ መልስ ሊኖርዎት ይገባል። የ3 ዓመት ውዝፍ ያለበትን ባለይዞታ ንብረት አግባብ ያለው አካል ይዞ የመሸጥ ሥልጣን አለው። ስለዚህ የእኔ ምክር፣ የግንባታው ገንዘብ የማይነካ እስከሆነ ድረስ ቅድሚያውን ከፍ ማድረግ ነው፤ በጨረታውም ነጥብ ያስገኝልዎታል።

ጥያቄ፦ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ከወንዙ ማዶ ያለው ቦታ ይወደዳል ይባላል። አሁን መግዛት ይሻላል?

መልስ፦ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ በግንቦት 2016 ተመርቆ የከተማውን ሁለት ዳርቻ በሰፊው አገናኝቷል፤ ፍላጎት መጨመሩ አይቀርም። የሊዝ መነሻ ዋጋም ቢያንስ በየ2 ዓመቱ እንዲከለስ አዋጁ ያዝዛል። ሆኖም ውሃና መብራት ያልደረሰበትን ቦታ ተስፋን ብቻ ይዞ መጫረት አልመክርም፤ የግንባታ ማጠናቀቂያ ጊዜው መሠረተ ልማቱን አይጠብቅልዎትም።

ጥያቄ፦ በጣና ዳር ሎጅና የመኖሪያ አፓርትመንት አንድ ላይ መሥራት የረዥም ጊዜ ሕልሜ ነው። በምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በጣም የሚያሳስበኝ ነው፤ ሐይቁ የሁላችንም ነውና። የጣና ሐይቅ አካባቢ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ሎጅ ወይም ትልቅ ሕንፃ ሲታሰብ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንደሚያስፈልግ ከመጀመሪያው አጣርተው ወጪውንና ጊዜውን በዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡት። የፍሳሽ ጉዳይ የሎጁ ነፍስ ነው። ወደ ሐይቁ የሚለቀቅ ያልተጣራ ፍሳሽ እንቦጭን የሚያፋፋ ምግብ ስለሆነ፣ በገዛ እጅዎ የእንግዶችዎን እይታ ማጥፋት ይሆናል። ደንገል የበቀለበትን ረግረግም «ባዶ ቦታ» አድርገው አይዩት፤ ደለልን የሚያስቀር፣ ዓሣ የሚራባበት፣ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችም የሚተዳደሩበት ነው።

ቦታውን ለማየት ደግሞ ወር ይምረጡ። የጣና ውሃ ዝቅ የሚለው በሰኔ አካባቢ ሲሆን ከፍ የሚለው ክረምቱ ወጥቶ በመስከረም ነው። በግንቦት የታየ ደረቅ ሜዳ በመስከረም ውሃ የሚቋጥር ሊሆን ይችላል። ከዚህ ቀደም ያማከርኩት አንድ ባለሀብት በበጋ አይቶ የወደደውን ቦታ አሸንፎ፣ ለምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ቁፋሮ ሲጀምር ሁለት ሜትር እንኳ ሳይወርድ ውሃ አገኘው። ውሃ በፓምፕ ማውጣቱ፣ ግድግዳውን ከስርገት መከላከሉና ንድፉን መለወጡ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደበት። ከተማችን በብዙ ቦታ ጥቁር አፈር አለባት፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከመጫረትዎ በፊት ቢያንስ ጎረቤት ቦታ ላይ የተደረገ የአፈር ምርመራ ውጤት ይፈልጉ። ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በምድብ «ሐ» ስለሚመደብ የባለሙያና የቁጥጥር ደረጃውም ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳር ቦታ በምደባ ማግኘት አይቻልም?

መልስ፦ ለተራ የንግድ ሥራ መንገዱ ጨረታ ነው። በምደባ እሰጥሃለሁ የሚል ደላላ ከገጠመዎት ገንዘብዎን አይስጡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባታችን ግሽ ዓባይ አካባቢ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ትተውልናል። ከአንድ ባለሀብት ጋር ሆነን ሕንፃ ብንሠራ ወደ ሊዝ ይገባል?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት ይገባል። በውርስ ወደ እናንተ በመተላለፉ ብቻ ሊዝ አይሆንም፤ በመጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥታችሁ ካርታውን በስማችሁ አዙሩ። ከባለሀብቱ ጋር ማኅበር አቋቁማችሁ ቦታውን በመዋጮ ብታስገቡ ግን ማስተላለፍ ተደርጎ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ምላሽ ጠይቁ። እንዲህ ባለው ጉዳይ የቃል ማረጋገጫ ይዞ መሄድ ኋላ ቤተሰብን ከቤተሰብ ያጣላል።

ጥያቄ፦ ግንባታው ቢያቅተኝ ጅምሩን ሸጬ መውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን እንዳሰቡት አያተርፉበትም። ግንባታ ከመጀመሩ ወይም ግማሹ ከመጠናቀቁ በፊት የሊዝ መብትን ማስተላለፍ የሚቻለው አግባብ ያለው አካል በሚከታተለው ግልጽ ሥርዓት ነው። ለእርስዎ የሚመለሰው የከፈሉት ሊዝ ከባንክ የማስቀመጫ ወለድ ጋር፣ የሠሩት ግንባታ ዋጋ እና ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ነው፤ የተረፈው ለመንግሥት ይገባል። የማጠናቀቂያ ጊዜው ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር ነው። ዋስትና በማስያዝ ለመበደር ካሰቡም፣ የሊዝ መብቱ በዋስትናነት የሚያገለግለው በከፈሉት የሊዝ ክፍያ መጠን እንጂ በቦታው የገበያ ዋጋ አይደለም። ቦታው 16 ሚሊዮን ቢባል ባንኩ የሚያየው የከፈሉትን 3.2 ሚሊዮን ነው።

ጥያቄ፦ አፓርትመንቶቹን አንድ በአንድ ሸጬ ሱቆቹን ለራሴ ማስቀረት እፈልጋለሁ። የገዢዎቹስ መብት እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሕንፃው ሲመዘገብ እያንዳንዱ ቤት የግል፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው ደግሞ የጋራ ይሆናል። የመሬቱ ዘመን ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከውሉ 70 ዓመት ውስጥ 6ቱ በግንባታና በሽያጭ ካለፉ፣ አፓርትመንት የገዛው መምህር ወይም ነጋዴ የሚቀረው 64 ዓመት ነው፤ ይህ በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ሊጻፍለት ይገባል። ዘመኑ ሊያበቃ ከ10 ዓመት ጀምሮ እስከ 2 ዓመት ሲቀረው ባለው ጊዜ የዕድሳት ጥያቄ መቅረብ አለበት፤ ዕድሳቱም በዚያን ጊዜ ባለው መነሻ ዋጋ ነው። የሱቆቹ ባለቤት እርስዎ፣ የቤቶቹ ባለቤቶች ሌሎች ሲሆኑ ጥያቄውን ማን በማን ስም እንደሚያቀርብ፣ የዓመቱን የሊዝ ክፍያስ ማን ሰብስቦ እንደሚከፍል በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት አስገቡት።