ጸደይ በጦርነት ግጥም ውስጥ ለምን ሐዘን ያባብሳል?

ወንድሜ፣ «በጦርነት ግጥሞች አበባና ወፍ ሲመጣ ሐዘኑ በመቅለል ፈንታ ለምን ይብሳል?» ብለህ ጠይቀሃል። ምድር ወቅቷን ጠብቃ ትለመልማለች፣ የሞተው ግን አይመለስም፤ አንጀት የሚበላው ይሄ ነው።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ኤድዋርድ ቶማስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ፋሲካ የጻፋትን ባለ አራት ስንኝ ግጥም ተመልከት። ሲመሽ ጫካው ውስጥ አበባ ሞልቷል፤ ከፍቅረኞቻቸው ጋር ሊለቅሙት የሚገባቸው ወንዶች ግን ከቤታቸው ርቀዋል፣ ዳግመኛም አይለቅሙትም። ጦርነት የሚል ቃል የለም፣ ጥይትም ሬሳም የለም። የሚያስለቅሰው የአበባው መትረፍረፍ ራሱ ነው፤ ሳይለቀም የቀረ ስለሆነ። ገጣሚውም በ1917 የፋሲካ ማግስት ፈረንሳይ ውስጥ አራስ በምትባል ከተማ አካባቢ ውጊያ በላው።

ቻይናዊው ገጣሚ ዱ ፉም በ757 ዓማጽያን በያዟት የቻይና ዋና ከተማ ቻንጋን ሆኖ፣ አገር ፈርሶ ተራራና ወንዙ እንደቀረ፣ በጸደይ ከተማዋን ሣርና ዛፍ እንደዋጣት ጽፏል። እኔ ሣሩ የበዛው የሚረግጠው ሰው ስለጠፋ ነው ብዬ ነው የማነበው።

በዚያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የውጊያ ሜዳ የነበረችው የቤልጅየሟ ፍላንደርዝ ቀይ የፖፒ አበባ ደግሞ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መሬቱ ሲገለበጥ የሚበቅል ነው፤ ያን መሬት የገለበጠው መድፍ ነበር። ስለዚህ ልምላሜን ሁሉ ተስፋ ነው ብለው ከሚተረጉሙት ጋር አልስማማም። መጀመሪያ ቶማስን አንብበው፣ ቀስ ብለህ፣ ድምፅህን አሰምተህ።