መልስ፦ የጎጃም ከብት ወደ ጎንደር ሲነዳ አባይን የት ይሻገር ነበር?

ወንድሜ፣ «ድሮ ነጋዴዎች ከብቱን በዋና ነው ወይስ በድልድይ የሚያሻግሩት?» ብለሃል። ሁለቱም ነው፤ እንደ ወራቱ።

ድልድዩ ከጢስ አባይ ፏፏቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው አላታ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ፣ በድንጋይና በኖራ ተሠራ። አስበው፣ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው በ1636 ነው። ድልድዩ ከተማችንን ይቀድማል ማለት ነው! ቦታው ደግሞ በደንብ የተመረጠ ነው። ያ ሰፊ አባይ እዚያ ጋ በጠባብ የድንጋይ ገደል ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል። ዛሬም ፏፏቴውን ለማየት ስትሄድ በላዩ ነው የምትሻገረው፤ አህያና ከብት ከመጣ ጠጋ ብለህ ማሳለፍ ነው።

መንጋ ጠባብ ድልድይ ላይ ሲደርስ ማንገራገሩ አይቀርም። ነጂ የሆነ ሰው ያውቀዋል፦ መሪውን በሬ ካስገባህ ሌላው ይከተላል። መሪው እምቢ ካለ ግን በዱላ ብትል በጩኸት ዋጋ የለውም።

በጋ ላይ ውሃው ሲጎድል በመልካ መሻገርም አለ። ክረምት ላይ አይሞከርም።

ብዙ ሰው የሚረሳው፣ አባይን መሻገር የመንገዱ መጀመሪያ ብቻ መሆኑን ነው። በደራና በፎገራ በኩል ሲመጡ ጉማራ አለ፣ ርብ አለ፣ አዘዞ ሳይደርሱ ደግሞ መገጭ። ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ፎገራ ነው፤ ክረምት ላይ ሜዳው ራሱ ውሃ ይተኛበታል።